ጂስር አ-ዛርቃ እና የአዞዎች ወንዝ፦ መንደሩ፣ ወንዙና አካባቢው

ከቴል አቪቭ ወደ ሐይፋ በቁጥር 2 አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው ቄሳርያን እንዳለፈ በግራው፣ በባሕሩ በኩል፣ ቤቶቹ የተጠጋጉ አንድ መንደር ያያል። ብዙዎች በመስኮት አይተውት ያልፋሉ እንጂ ጎራ አይሉም። መንደሩ ጂስር አ-ዛርቃ ይባላል። ጂስር በዓረብኛ ድልድይ ማለት ነው፤ ዛርቃ ደግሞ ሰማያዊ ማለት ሲሆን፣ ከመንደሩ በስተሰሜን ወደ ባሕር የሚገባው ወንዝ የዓረብኛ ስም ነው። በዕብራይስጥ ወንዙ ናሐል ታኒኒም፣ የአዞዎች ወንዝ ይባላል።

በእስራኤል የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ላይ ብቻውን የቀረው የዓረብ መንደር ይህ ነው። እንዴት ሊቀር እንደቻለ ለማወቅ ከወንዙ መጀመር ያስፈልጋል።

ወንዙና አፉ

ናሐል ታኒኒም ከራማት ምናሼ ኮረብታዎች ተነሥቶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከባሕሩ አጠገብ ካሉ ምንጮች ብዙ ውሃ ስለሚጨመርለት በበጋም አይደርቅም። ብዙዎቹ የባሕር ዳር ወንዞች በከተማና በፋብሪካ ፍሳሽ ሲበከሉ፣ ይህ ወንዝ ከሁሉም ንጹሕ ሆኖ የቆየ ነው።

በወንዙ አፍ ላይ የወንዙ ውሃና የባሕሩ ጨዋማ ውሃ ይቀላቀላሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ምግብ የበዛበት ስለሆነ ቡሪን የመሳሰሉ የባሕር ዓሦች ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ወፎችም ይሰበሰባሉ። ከአፉ በስተሰሜን በ1949 የተመሠረተው ኪቡጽ ማዓጋን ሚካኤል የዓሣ ኩሬዎች አሉት። በመጸውና በጸደይ በአውሮፓና በአፍሪካ መካከል የሚመላለሱ ሽመላዎችና ፔሊካኖች በዚህ አካባቢ ያርፋሉ።

ጥንታዊው ከተማና ግድቡ

በወንዙ አፍ አጠገብ ቴል ታኒኒም የሚባል ትንሽ ጉብታ አለ። በጥንት ጊዜ እዚያ የነበረችውን ከተማ ግሪኮች “የአዞዎች ከተማ” ይሏት ነበር። ጸሐፊው ስትራቦን ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ሲጽፍ፣ በእርሱ ዘመን ከከተማዋ የቀረው ስሟ ብቻ እንደነበረ ያስረዳል።

ከወንዙ በስተደቡብ ሄሮድስ ትልቁን የቄሳርያን ወደብ ሲሠራ ከተማዋ ውሃ አስፈለጋት። ሮማውያን ከኮረብታ ምንጮች ውሃ በቅስቶች ላይ በተሠራ ቦይ አመጡላት። በሁለተኛው መቶ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ሃድሪያን፣ የባር ኮኽባን ዐመፅ ያፈነው ያው ንጉሥ፣ ሌላ ቦይ ከጎኑ አስጨመረ። በሞሻቭ ቤት ሐናንያ ቅስቶቹ ዛሬም ቆመዋል፤ የሠሩት ወታደሮች ጦራቸውን የሚጠቅስ ጽሑፍም በድንጋይ ላይ ቀርጸዋል።

ይህም ውሃ ስላልበቃ ኋላ ናሐል ታኒኒም ራሱ ተገደበ። ግድቡ 200 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ውሃው ሲጠራቀም ከፍ ይልና በሌላ ዝቅተኛ ቦይ ወደ ቄሳርያ ይፈስ ነበር። ያው ውሃ በግድቡ ሥር የእህል ወፍጮዎችንም ያዞር ነበር፤ በቱርኮች ዘመን እንኳ ወፍጮዎቹ ይሠሩ ነበር። ዛሬ ግድቡና የወፍጮዎቹ ፍርስራሽ በናሐል ታኒኒም የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ውስጥ ይታያሉ።

ረግረጉ፣ ወባውና አዞዎቹ

ከጊዜ በኋላ ቦዮቹን የሚጠግንና ውሃውን የሚቆጣጠር ጠፋ፤ ሜዳውም ከባራ የተባለ ሰፊ ረግረግ ሆነ። በዚያ ከወንዙ ጋር የተላመዱ፣ ጋዋርና የሚባሉ ድሆች ዓረቦች ይኖሩ ነበር። ጎሽ ያረባሉ፤ ከረግረጉ ሣር ሰሌን ይሠራሉ። ወባው ግን ብርቱ ነበር። በ1882 ከሩማንያ የመጡ አይሁዳውያን የዚኽሮን ያዕቆብን ሰፈር ሲመሠርቱ፣ ወባ ብዙ ሰው ቀጥፎባቸዋል። በኢትዮጵያ ቆላ ያረሰ ወይም የከረመ ሰው ይህንን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

በረግረጉ ውስጥ አዞም ነበረ። ይህ አዞ በአባይ ሸለቆና በአርባ ምንጭ አጠገብ በጫሞ ሐይቅ ከሚገኘው ጋር አንድ ዓይነት ነው። አዳኞች ሲገድሉት ቆይተው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጨርሶ ጠፋ። ዛሬ የቀረው በወንዙ ስም ብቻ ነው።

በ1920ዎቹና ከዚያ በኋላ ፒካ የተባለው የባሮን ሮትሽልድ ድርጅት ረግረጉን አደረቀ። በሥራው አይሁዳውያንም የረግረጉ ዓረቦችም ደክመዋል። ሜዳው የእርሻ መሬት ሆነ፤ ጋዋርናዎቹም ወደ ባሕር ዳሩ የአሸዋ ድንጋይ ኮረብታ እንዲሰፍሩ ተደረገ። የዛሬው ጂስር አ-ዛርቃ በዚህ መንገድ ነው የተፈጠረው።

ድልድዩና መንደሩ

የመንደሩን ስም የያዘው ድልድይ የተሠራው በ1898፣ የአድዋ ጦርነት በተደረገ በሁለት ዓመቱ ነው። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዊልሄልም 2ኛ ከሐይፋ ወደ ያፎ በየብስ ሲጓዝ እንዲሻገርበት የቱርክ መንግሥት አዘጋጀው። ፍርስራሹ ከወንዙ አፍ አጠገብ ይታያል።

በ1948 ጦርነት በዚህ ባሕር ዳር የነበሩት የዓረብ መንደሮች ከነዋሪዎቻቸው ባዶ ሆኑ። ጂስር አ-ዛርቃ ግን ቀረ። የዚኽሮን ያዕቆብና የቢንያሚና ገበሬዎች እነዚህን ሰዎች ለዓመታት በእርሻ ሥራ ያውቋቸው ነበር፤ ጉልበታቸውም ያስፈልጋቸው ነበር። ስለዚህ እንዳይነኩባቸው ባለሥልጣኖችን ለመኑ፤ ልመናቸውም ተሰማ።

ዛሬ በመንደሩ ከ14,000 በላይ ሰው ይኖራል። በአገሪቱ ካሉት ድሃ መንደሮች አንዱ ነው፤ መሬቱም ጠባብ ነው። በምዕራብ ባሕሩ፣ በምሥራቅ አውራ ጎዳናው፣ በሰሜን ወንዙና ጥብቅ ቦታው፣ በደቡብ ቄሳርያ ይዘውታል። በ2002 ከቄሳርያ ጋር በሚዋሰንበት በኩል ረጅም የአፈር ክምር ተሠራ። ያሠሩት ወገኖች ድምፅንና ስርቆትን ለመከላከል ነው ይላሉ፤ የመንደሩ ሰዎች ግን እንደ አጥር ያዩታል። ያም ሆኖ በባሕሩ ዳር የዓሣ አጥማጆቹ ጎጆዎችና ጀልባዎች አሉ፤ መረብ የሚጠግኑ ሰዎችም ይታያሉ።

ለጉብኝት የሚሄዱ

ወደ መንደሩ በመኪና የሚገባው ከቁጥር 4 መንገድ፣ በአውራ ጎዳናው ሥር በሚያልፈው ጠባብ መተላለፊያ ነው። ወደ ጥብቅ ቦታውም በቤት ሐናንያ አቅራቢያ ከዚያው ከቁጥር 4 መንገድ ይገባል። ቅርቡ የባቡር ጣቢያ ቢንያሚና ነው። ሽቪል እስራኤል የተባለው የእግር መንገድም በመንደሩ በኩል ያልፋል።

በጥብቅ ቦታው መግቢያ ክፍያ አለ፤ የአረጋውያን መታወቂያ የያዘ ሰው ቅናሽ ያገኛል። የመክፈቻ ሰዓቱ በበጋና በክረምት ስለሚለያይ ከመሄድ በፊት መደወል ይበጃል። ኮፍያና ውሃ መያዝ፣ በበጋ ደግሞ በጠዋት መሄድ ጥሩ ነው። እግራቸው የሚያስቸግራቸው ሰዎች በግድቡ አካባቢ ብቻ ቢቆዩ ብዙ ያያሉ። ጠባቂ በሌለበት ባሕር ውስጥ መግባት አደገኛ ነው። መንደሩ ሰዎች የሚኖሩበት ስለሆነ ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ማስፈቀድ፣ ለሽማግሌዎችም ሰላምታ መስጠት ተገቢ ነው።

ከልጅ ልጆች ጋር የሚሄድ ሰው ከግድቡ ተነሥቶ በድልድዩ ቢጨርስ መልካም ነው። ልጆቹ አዞ የታለ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አዞው ተከራካሪ ሳያገኝ እንደጠፋ፣ መንደሩ ግን ጎረቤቶቹ ስለተናገሩለት እንደቀረ እዚያው ቦታው ላይ ሊነግሯቸው ይችላሉ።