አጫጭር የጋዜጣ ማስታወቂያዎች በቻነል ደሴቶች (1940–1945)

አጫጭር የጋዜጣ ማስታወቂያዎች በቻነል ደሴቶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ጀርዚና ገርንዚ በናዚ ጀርመን ጦር ተይዘው በቆዩባቸው አምስት ዓመታት፣ በአካባቢው ጋዜጦች ይወጡ የነበሩ የመሸጫ፣ የመግዣ፣ የልውውጥና የጠፋ ዕቃ ማፈላለጊያ ማስታወቂያዎች ናቸው። ዜናው ሁሉ በጀርመን ሳንሱር ሥር ያልፍ ስለነበር፣ እነዚህ ጥቂት መስመሮች የነዋሪው እውነተኛ ኑሮ ሳይሸፋፈን ከሚታይባቸው ጥቂት የጋዜጣ ክፍሎች አንዱ ሆነዋል። ታሪክ አጥኚዎችም ሕዝቡ ምን እንደጎደለው፣ ምን እንደተረፈውና እርስ በርሱ እንዴት ይገበያይ እንደነበር ለመረዳት ይጠቀሙባቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ደሴቶቹና ወረራው

የቻነል ደሴቶች በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል፣ ከኖርማንዲ ጠረፍ አጠገብ ይገኛሉ። የእንግሊዝ ዘውድ ግዛቶች ቢሆኑም የዩናይትድ ኪንግደም ክፍል አይደሉም፤ የራሳቸው ምክር ቤትና ሕግ አላቸው። ትልቋ ጀርዚ ስትሆን ዋና ከተማዋ ሴንት ሄሊየር ነው። የሁለተኛዋ የገርንዚ ዋና ከተማ ደግሞ ሴንት ፒተር ፖርት የተባለች አነስተኛ የወደብ ከተማ ናት። ከጦርነቱ በፊት ነዋሪው በአብዛኛው በድንች፣ በቲማቲም፣ በወተት ላሞችና በጎብኚዎች ገቢ ይተዳደር ነበር። ምርቱን ወደ እንግሊዝ ይልካል፤ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይ፣ ነዳጅና ልብስ ደግሞ ከዚያው ያስመጣል።

በሰኔ 1940 ፈረንሳይ ስትሸነፍ የእንግሊዝ መንግሥት ደሴቶቹን መከላከል እንደማይችል ወስኖ ጦሩን አስወጣ። በጥቂት ቀናት ውስጥ 25,000 ያህል ሰው በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሸሸ። ከገርንዚ 17,000 ያህል ሲሄዱ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ተለይተው ከመምህሮቻቸው ጋር የተላኩ ተማሪዎች ነበሩ። ከጀርዚ የሄዱት 6,600 ያህል ናቸው። የቀረው ሕዝብ በጀርዚ 41,000፣ በገርንዚ 25,000 ገደማ ነበር።

በሰኔ 28 የጀርመን አውሮፕላኖች ሁለቱን ከተሞች ደበደቡ። በሴንት ፒተር ፖርት ወደብ የቲማቲም ጭነታቸውን ለማራገፍ ተራ ይጠብቁ የነበሩ የጭነት መኪናዎችም ተመቱ። በሁለቱ ደሴቶች 44 ሰዎች ሞቱ። ገርንዚ በሰኔ 30፣ ጀርዚ በሐምሌ 1 ተያዙ።

ጋዜጦቹና ሳንሱሩ

በጀርዚ ኢቪኒንግ ፖስት፣ በገርንዚ ደግሞ ኢቪኒንግ ፕሬስና ስታር የተባሉት ጋዜጦች ከወረራው በኋላም መታተማቸውን ቀጠሉ። ይሁን እንጂ ከመታተማቸው በፊት የጀርመን ሳንሱር ሹም ያያቸዋል። የጦርነቱ ዜና ከጀርመን በኩል የተዘጋጀ ነበር፤ ስለ ደሴቶቹ የሚጻፈውም ወራሪው የፈቀደው ብቻ ነው። ወረቀት እየጠፋ ሲሄድ ጋዜጦቹ መጠናቸውን ቀነሱ።

ሰው ግን ጋዜጣ መግዛቱን አልተወም። የመጀመሪያው ምክንያት የራሽን ማስታወቂያ ነው። በዚህ ሳምንት ስንት ሥጋ እንደሚታደል፣ ሰዓት እላፊው መቼ እንደሚጀምር፣ የትኛው ሱቅ ምን እንደደረሰው የሚነገረው በጋዜጣ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት የአጫጭር ማስታወቂያዎች ዓምድ ነው። ከኢቪኒንግ ፖስት ሠራተኞች አንዱ የነበረው ሌስሊ ሲነል ከነፃነት በኋላ በታተመው የወረራ ዘመን የዕለት ማስታወሻው፣ ራሽኑን፣ ዋጋውንና የሰውን ችግር ቀን በቀን መዝግቦ ትቷል።

የልውውጥ ዓምድ

በሰላም ጊዜ የአጭር ማስታወቂያ ዋና ጉዳይ ገንዘብ ነው፤ አንዱ ዕቃ አለው፣ ሌላው ይገዛል። በደሴቶቹ ግን የሱቅ መደርደሪያ ባዶ እየሆነ ሲሄድ ገንዘብ ኃይሉን አጣ። ጀርመኖች የራሳቸውን ማርክ ከእንግሊዝ ፓውንድ ጎን ለጎን በሥራ ላይ አዋሉ። የብዙ ዕቃዎች ዋጋ በመንግሥት ተቆረጠ፤ ዋናዎቹ ምግቦችም በራሽን ሆኑ። ስለዚህ ሰው ገንዘብ ቢኖረውም በገንዘቡ የሚገዛው ነገር አልነበረም። የዕቃ በዕቃ ልውውጥ እየተስፋፋ ሄዶ የማስታወቂያው ዓምድ ዋና ጉዳይ ሆነ።

የልውውጥ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ ያለውን ዕቃ፣ በምትኩ የሚፈለገውን ዕቃና መገናኛውን። ስሙን መግለጽ ያልፈለገ ሰው የሳጥን ቁጥር ይሰጠዋል፤ መልስ የሚሰጡ ሰዎችም ደብዳቤያቸውን በዚያ ቁጥር ወደ ጋዜጣው ቢሮ ይልካሉ። ከተለመዱት የልውውጥ ዕቃዎች መካከል ጫማ፣ ካፖርት፣ የብስክሌት ጎማና ከመነዳሪ፣ ጥንቸል፣ ትምባሆ፣ ሳሙና፣ ምድጃና የልጆች ልብስ ይገኙበታል።

በምጣኔ ሀብት ትምህርት እንደሚታወቀው የዕቃ በዕቃ ንግድ ትልቁ ችግር የፍላጎት መገጣጠም ነው። ጥንቸል ይዞ ጫማ የሚፈልግ ሰው፣ ልኩ የሆነ ጫማ ያለውና ጥንቸል የሚፈልግ ሌላ ሰው ማግኘት አለበት። ነዳጅ በሌለበትና የሌሊት እንቅስቃሴ በተከለከለበት ደሴት በየቤቱ እየዞሩ መጠየቅ አድካሚ ነው። አጭር ማስታወቂያ ይህን ችግር አቀለለው፤ የአንዱ ሰው ፍላጎት በአንድ ምሽት በደሴቱ ሁሉ ይታወቅ ነበር። ትምባሆ ደግሞ የማያጨሰውም ሰው በደስታ ስለሚቀበለው እንደ ገንዘብ የሚያገለግልበት ጊዜ ነበር።

ማስታወቂያዎቹ የሚያሳዩት ኑሮ

በየዓመቱ የሚፈለገው ዕቃ መለዋወጥ የችግሩን ጉዞ ያሳያል።

ጫማ፦ ልጆች ያድጋሉ፣ ጫማ ግን ከውጭ አይገባም። ስለዚህ የጠበበ የልጅ ጫማ ሰጥቶ ሰፋ ያለ መቀበል የወላጆች የዘወትር ጉዳይ ነበር። ቆዳ ሲጠፋ ሶሉ ከእንጨት የተሠራ ጫማ በደሴቶቹ መሠራት ጀመረ።

ብስክሌት፦ ቤንዚን ለነዋሪው በመከልከሉ ብስክሌት ዋና መጓጓዣ ሆነ። ጎማ ሲያልቅ ሰው የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ቆርጦ በቸርኬው ዙሪያ ያስር ነበር።

ምግብና መጠጥ፦ ሻይ ሲጠፋ የእንጆሪ ቅጠል ተቀቀለ። ቡና ሲጠፋ የኦክ ዛፍ ፍሬ፣ ገብስና ፓርስኒፕ የተባለው ሥር ተቆልተው ተፈጩ። ከድንች ዱቄት፣ ከሹገር ቢት ሥር ጣፋጭ ሽሮፕ ተዘጋጀ። ጨው ሲያልቅ የባሕር ውሃ ለምግብ ማብሰያ ይውል፣ በጀርዚ ቤት ለቤትም ይሸጥ ነበር። ለእነዚህ ሥራዎች የሚሆኑ ወፍጮዎች፣ መፈቅፈቂያዎችና ትላልቅ ድስቶች ተፈላጊ ሆኑ።

ጥንቸል፦ በትንሽ ግቢ የሚረባ፣ ሣር የሚበላና ቶሎ የሚወልድ በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ ጥንቸል ያረባ ነበር። ለሥጋውም ለልውውጥም ይሆናል።

ከዘመድ ጋር መገናኘትም በቃላት ቁጥር የተወሰነ ነበር። ወደ እንግሊዝ የሚሄድ ፖስታ በመቋረጡ፣ ነዋሪው በቀይ መስቀል በኩል ከ25 ቃላት የማይበልጥ መልእክት ብቻ ይልክ ነበር። መልሱ ለመድረስ ወራት ይፈጃል። ልጆቻቸውን የላኩ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው የሚሰሙት በዚህ መንገድ ነበር።

በዚያው ገጽ ላይ የሚወጡ ትእዛዞች

ጋዜጦቹ የወራሪውን ትእዛዝም የማተም ግዴታ ነበረባቸው። ስለ ጫማና ስለ ጥንቸል የሚያነበው ሰው በዚያው ወረቀት የሞት ፍርድ ያነብ ነበር። በነሐሴ 1941 ሉዊ ቤሪየ የተባለ ፈረንሳዊ መልእክት የያዘች እርግብ ወደ እንግሊዝ በመልቀቁ እንደተረሸነ በይፋ ተገለጸ።

አንዳንዱ ማስታወቂያ ደግሞ በደሴቶቹ ሹማምንት ስም የወጣ ነው። በሐምሌ 1941 የድል ምልክት የሆነው ‹‹ቪ›› ፊደል በየግድግዳው ሲጻፍ፣ የገርንዚ ቤይሊፍ ቪክተር ኬሪ ጸሐፊውን ለሚያስይዝና ለሚያስቀጣ ጥቆማ የ25 ፓውንድ ሽልማት እንደሚሰጥ በጋዜጣ አስነገሩ። ይህ ማስታወቂያ ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ክርክር አስነሥቷል።

በጥቅምት 1940 አይሁዳውያን እንዲመዘገቡ የሚያዝዘው ማስታወቂያም በጋዜጣ ወጣ። በደሴቶቹ የቀሩት አይሁዳውያን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በገርንዚ ይኖሩ የነበሩ ሦስት ሴቶች፣ ቴሬዝ ሽታይነር፣ አውጉስተ ሽፒትስና ማሪያነ ግሩንፌልድ፣ በሚያዝያ 1942 ወደ ፈረንሳይ ተወስደው በኋላ በአውሽዊትዝ ተገደሉ።

በመስከረም 15 ቀን 1942 የኢቪኒንግ ፖስት አንባቢዎች በእንግሊዝ አገር የተወለዱ ነዋሪዎች ወደ ጀርመን እንደሚወሰዱ የሚገልጽ ትእዛዝ አነበቡ። የመጀመሪያዎቹ ተጓዦች በማግሥቱ በመርከብ ተጫኑ። ከሁለቱ ደሴቶችና ከሳርክ በድምሩ 2,200 ያህል ሰዎች ቢበራክ፣ ባድ ቩርዛክና ላውፈን ወደ ተባሉ ካምፖች ተላኩ። ቤት፣ ዕቃና እንስሳት ለጎረቤት አደራ ተሰጡ።

በጋዜጣ የማይወጣው

የማስታወቂያው ዓምድ ሁሉን አይናገርም። በሰኔ 1942 የነዋሪው ሬዲዮ በሙሉ ሲወረስ፣ ሬዲዮ የሚባል ነገር በማስታወቂያ መፈለግም ማቅረብም የማይታሰብ ሆነ። ሰው ግን ከሕዝብ ስልኮች በተሰረቀ ማዳመጫ ክሪስታል ሬዲዮ እየሠራ በስውር ይሰማ ነበር።

በገርንዚ የስታር ጋዜጣ ፊደል ለቃሚ የነበረው ቻርልስ ማቾን በ1942 ከጓደኞቹ ጋር ገንስ የተባለ ስውር የዜና ወረቀት አቋቋመ። ዜናው ከእንግሊዝ ሬዲዮ ተቀድቶ በቲማቲም መጠቅለያ ስስ ወረቀት ይጻፍና ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። በየካቲት 1944 አባላቱ በጥቆማ ተያዙ። ማቾንና ጆሴፍ ጊሊንግሃም በጀርመን አገር እስር ላይ ሳሉ ሞቱ፤ ጋዜጠኛው ፍራንክ ፋላ ግን በሕይወት ተመልሶ ታሪኩን ጽፏል።

ጥቁር ገበያም ከማስታወቂያ ውጭ የነበረ ሌላ ዓለም ነው፤ ራሽን የገባበት ሥጋና ቅቤ በስውር ይሸጥ ነበር። ምሽግ ለመገንባት ከሩሲያ፣ ከዩክሬን፣ ከስፔንና ከሌሎች አገሮች የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ የግዳጅ ሠራተኞች ደግሞ በየትኛውም የልውውጥ ዓምድ አይታዩም፤ የሚለውጡት አንዳች ነገር አልነበራቸውምና። በጀርዚ ያመለጠ የሩሲያ ምርኮኛ የደበቀችው ባለ ሱቋ ሉዊዛ ጉልድ በጥቆማ ተይዛ በ1945 በራቨንስብሩክ ካምፕ ሞተች።

የ1944–45 ክረምት

በሰኔ 1944 የተባበሩት ኃይሎች ኖርማንዲ ሲገቡ ደሴቶቹ ነፃ አልወጡም፤ ከፈረንሳይ ይመጣ የነበረው ስንቅ ግን ተቋረጠ። ነዋሪውም የጀርመን ወታደሩም በአንድነት ተከበቡ። በጀርዚ በ1944 መኸር የጋዝ፣ በ1945 መጀመሪያ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ቆመ። በዚያ ክረምት ሻማ፣ ክብሪትና ማገዶ ከብዙ ውድ ዕቃዎች ይበልጥ ተፈላጊ ሆኑ። የሚለውጠው ያለቀበት ቤተሰብ ደግሞ ከልውውጡ ወጣ።

ቪጋ የተባለችው የቀይ መስቀል መርከብ ከሊዝበን ተነሥታ በታኅሣሥ 27 ቀን 1944 ገርንዚ፣ በታኅሣሥ 30 ጀርዚ ደረሰች። በመጀመሪያው ጉዞ ከ100,000 በላይ የምግብ ጥቅል አራገፈች። በጥቅሎቹ ውስጥ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ቸኮላትና ሻይ ወይም ቡና ነበር። በመጀመሪያው ጭነት ዱቄት ስላልነበረ ግን በየካቲት 1945 ደሴቶቹ ለሳምንታት ያለ ዳቦ ቆዩ፤ ዱቄት የመጣው በመጋቢት ነው።

ነፃነትና ከዚያ በኋላ

የእንግሊዝ ጦር በግንቦት 9 ቀን 1945 ጀርዚና ገርንዚን ነፃ አወጣ። ቀኑ እስከ ዛሬ በሁለቱ ደሴቶች የነፃነት ቀን ሆኖ ይከበራል። በወረራው ጊዜ የታተሙት ጋዜጦች በሴንት ፒተር ፖርት እንደሚገኘው ፕሪዮ ቤተ መጻሕፍት ባሉ የአካባቢ ታሪክ ስብስቦች ተጠብቀዋል።

እንደ ታሪክ ምንጭ

አጫጭር ማስታወቂያዎች ሲነበቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማስታወቂያ የሚያሳየው ሰው የጠየቀውን እንጂ ያገኘውን አይደለም። ድምፁ የሚሰማውም የሚለውጠው ዕቃ ያለው ሰው ነው፤ እጅግ የተቸገረው፣ የተጋዘውና የተደበቀው በዚያ የለም። በሌላ በኩል ማስታወቂያ አውጪው ለታሪክ ብሎ አይጽፍም፤ የሚጽፈው የልጁ እግር ስለበረደው ነው። ከዓመታት በኋላ ከተጻፉ ትዝታዎች የሚለየውም በዚህ ነው፤ የተጻፈው ችግሩ በነበረበት ቀን ነው። ስለዚህ ከዕለት ማስታወሻዎች፣ ከራሽን መዝገቦችና ከፍርድ ቤት ሰነዶች ጋር ሲነጻጸር፣ ሳንሱር ከዜናው ያወጣው የአንዲት ትንሽ ከተማ ኑሮ ከማስታወቂያው ዓምድ ሊነበብ ይችላል።