ወለድ አገድ በጎጃም፦ የመሬትን ፍሬ ለብድር ማስያዝ

ወለድ አገድ ተበዳሪው የማይንቀሳቀስ ንብረቱን ለአበዳሪው አስረክቦ፣ ዕዳው እስኪከፈል ድረስ አበዳሪው በወለድ ፈንታ የንብረቱን ፍሬ ወይም ኪራይ የሚወስድበት የብድር ዋስትና ነው። አበዳሪው ባለቤት አይሆንም፤ ዋናው ገንዘብ ሲመለስለት ንብረቱን ይለቃል።

ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ባቀፈው የጎጃም ገጠር ይህ ዋስትና ለርስት ሥርዓት የሚመች ነበር። ርስት ከአቅኚው አባት በትውልድ ቆጠራ የሚወርድ የዘር መብት ስለሆነ፣ ባለ ርስቱ ድርሻውን ለባዕድ ልሽጥ ቢል ዘመዶቹ ሊከራከሩት ይችሉ ነበር። ምርቱን ማስያዝ ግን ርስቱን ከዘር አያወጣም። የአበዳሪው መብት በአመዛኙ የቆመው በዋስና በምስክር ላይ በመሆኑ ምስክሮቹ ሲያልፉ ክርክር ይነሣ ነበር፤ ለረጅም ዘመን ያረሰው አበዳሪም መሬቱን እንደ ራሱ ሊቆጥር ይችል ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወለድ አገድን ከቁጥር 3117 ጀምሮ ደነገገ። ከእሱ በፊት የሠፈረው መያዣ ተበዳሪው ንብረቱን ሳይለቅ የሚበደርበት ሲሆን፣ የሚጸናውም በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲገባ ነው። ይሁንና ይኸው ሕግ በቁጥር 3363 የመዝገቡን ክፍል ሥራ ላይ መዋል ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታወጅ ድረስ አቆየው። በጎጃም ደግሞ ገበሬው ለመሬት ምዝገባ የሚያስፈልገውን ቅየሳ ርስት የመነጠቂያ መንገድ አድርጎ ይፈራው ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ያመፀበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ስጋት ነው።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት አድርጎ መሸጥን፣ በመያዣና በወለድ አገድ መስጠትን፣ ማከራየትንም ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ፤ ለአበዳሪ ሊያዝ የሚችል የግል የቤት ኪራይ ገቢም አብሮ ቀረ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የመሬት ሽያጭን እንደከለከለ ቢቀጥልም ኪራይ እንደገና ተፈቀደ። የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 133/1998 የገጠር መሬት እስከ 25 ዓመት እንዲከራይ ፈቀደ። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456/1997 ግን የተከራየውን መሬት የመጠቀም መብት ለብድር እንዲያሲዝ የፈቀደው ለባለሀብቱ እንጂ ለአራሹ አልነበረም። በከተማ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ቤት ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጠ።

ለክልሉ አርሶ አደር በሩን የከፈተው አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። ማሳው ተለክቶ የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ያገኘ ገበሬ የመጠቀም መብቱን ለገንዘብ ተቋም ማስያዝ ቻለ። በዚህ መንገድ ካበደሩት አንዱ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ ነው። የብድሩ ልክ መሬቱ ሊያስገኝ ከሚችለው ኪራይ ጋር ይገናዘባል። ከወለድ አገድ የሚለየው ርክክቡ ላይ ነው፤ ተበዳሪው ማሳውን እያረሰ ይቆያል፤ አበዳሪው መሬቱን አከራይቶ ገንዘቡን የሚያስመልሰው ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ብቻ ነው። ዕዳው ሲያልቅ የመጠቀም መብቱ ወደ ባለ ይዞታው ይመለሳል።