ክሬሙ ሠርቷል ወይስ አልሠራም? የቆዳን እርጅና የመለካት አጭር ታሪክ



“በሁለት ሳምንት ፊትዎን ወጣት ያደርጋል” የሚል ማስታወቂያ ዛሬ በስልክ መካነ ሰላምም፣ ከላላም፣ ለገምቦም ይገባል። አንድ ፎቶ “በፊት”፣ አንድ ፎቶ “በኋላ”። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ለውጡ በምን ተለካ? ሐኪሞች ይህን ጥያቄ በአግባቡ ለመመለስ ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ታሪኩን ማወቅ ለኪስም ለቆዳም ይጠቅማል።

በጣት መለካት

ቆዳን መለካት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ጤና ኬላ ሲመጣ ባለሙያዋ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ትለቃለች። ቆዳው ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከወሰደበት የሕፃኑ ሰውነት ፈሳሽ ክፉኛ ቀንሷል ማለት ነው። የአያታችንን የእጅ ጀርባ ብንቆነጥጥ ግን ፈሳሽ ባያንሳቸውም ቆዳው ቶሎ አይመለስም። እንደ ላስቲክ የሚመልሰው ኢላስቲን የተባለው ክር በዕድሜና በፀሐይ ተጎድቷልና። ዛሬ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ኩቶሜትር የተባለ መሣሪያም ሐሳቡ ያው ነው፤ ቆዳውን በአየር ስቦ ይለቅና ምን ያህል እንደተመለሰ በቁጥር ያሳያል።

የማን ቆዳ?

እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ ቆዳን በፀሐይ በመቃጠሉና በመጥቆሩ መጠን መደበ። ምደባው መጀመሪያ የተሠራው ለነጮች ቆዳ ነበር፤ ቡናማና ጥቁር ቆዳ 5ኛና 6ኛ ሆነው የተጨመሩት ኋላ ነው። ይህ እኛን ይመለከታል። ሜላኒን በብዛት ያለው ቆዳ ቶሎ አይሸበሸብም፤ የፀሐይ ጉዳት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታይበት በጥቁር ነጠብጣብና በቀለም መዥጎርጎር ነው። ሽብሽብታን ብቻ የሚቆጥር መለኪያ የእኛን ጉዳት ያሳንሰዋል።

ሁለት ክንድ፣ ሁለት ክሬም

እ.ኤ.አ. በ1988 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አንድ ጥናት አሳተሙ። 30 ሰዎች ለ16 ሳምንት በአንዱ ክንዳቸው ትሬቲኖይን፣ በሌላው መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክሬም ተቀቡ። የትኛው ክንድ ምን እንደተቀባ ተቀቢውም መርማሪ ሐኪሙም አያውቁም ነበር። በመጨረሻ ትሬቲኖይን የተቀባው ክንድ ተሽሎ ተገኘ። ነገር ግን አብዛኞቹ ቆዳቸው ቀልቶና ተቆጥቶ ነበር። ትሬቲኖይን በሐኪም ትዕዛዝ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ነፍሰ ጡር እናቶች አይቀቡትም።

ትልቁ ትምህርት ባዶው ክሬም ነው። ማንኛውም ቅባት ቆዳን አርጥቦ ለጊዜው ያሳምረዋል፤ ማወዳደሪያ ከሌለ ቫዝሊንም ተአምረኛ ይመስላል።

የእጅ ጀርባ ቅርጽ

በአውስትራሊያዋ ናምቡር ከተማ ደግሞ ተመራማሪዎች የሰዎችን የእጅ ጀርባ በሲሊኮን እየቀረጹ መስመሮቹን በማጉያ መረመሩ። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 የተከታተሏቸው ከ55 ዓመት በታች የሆኑ 903 ሰዎች ነበሩ። በየቀኑ ሰንስክሪን እንዲቀቡ የተደረጉት፣ እንደፈለጉ ከተቀቡት ይልቅ የቆዳቸው እርጅና በ24 ከመቶ ያነሰ ሆነ። አብሮ የተሞከረው የቤታ ካሮቲን እንክብል ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም።

ይህ ለደጋችን ምን ይላል?

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ግን ያታልለናል። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘን ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስለናል፤ ጨረሩ ግን ሙቀት አይደለም። አውድማ ላይ፣ ከብት ጥበቃ ላይ፣ በገበያ መንገድ ላይ የሚውል ፊት በየቀኑ ይቀበለዋል። ሰንስክሪን ውድ ነው፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላና ፊትን የሚያጠላ ነጠላ ግን ያንኑ ጨረር ይቀንሳሉ።

ራሳችሁ ለመለካት

1. ከታወቀ ፋርማሲ የገዛችሁትን ክሬም በአንድ እጅ ጀርባ ላይ ብቻ ለ3 ወር ተቀቡ። በሌላው እጅ ተራ ቅባት ተጠቀሙ።
2. ሁለቱንም እጆች በአንድ ስልክ፣ በአንድ መስኮት፣ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ማሳመሪያ ፎቶ አንሱ።
3. የትኛው እጅ ምን እንደተቀባ ለማያውቅ ሰው አሳዩና “የትኛው ይሻላል?” በሉ። መለየት ካልቻለ መልሱን አግኝታችኋል።

ይዘቱ ያልተጻፈበትን ክሬም ግን ለሙከራም አትቀቡ። በቀናት ውስጥ ፊትን የሚያቀላ ክሬም ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል። ስቴሮይድ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉርና የደም ሥር ያወጣል፤ ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል። እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ ክሬሙን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል።

ፎቶ ሊዋሽ ይችላል፤ በትክክል የተወዳደሩ ሁለት እጆች ግን ለመዋሸት ይቸገራሉ። ለእናቶቻችንና ለእህቶቻችን አካፍሉልን።