ቡና መቁላት፦ ያልተጻፈው የማጀት ጥበብ

የቡና ታሪክ በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የደኑ፣ የንግዱና የገበያው ታሪክ ነው። ጥሬው ፍሬ ለመጠጥነት የሚበቃበት ሥራ፣ ይኸውም የመቁላቱ ጥበብ፣ በማጀት ውስጥ የሚከናወን የሴቶች የዕለት ተግባር በመሆኑ ከታሪክ ጸሐፊዎች ብዕር ርቆ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ጥሩው ፍሬ ሁሉ በአንድ አፍታ ቸልታ ሊበላሽ የሚችለው በዚህ ሥራ ላይ ነው።

ዓረቢካ የተባለው የቡና ዝርያ መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ጸሎት ንቃት ይጠጡት ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የኦሮሞ ተጓዦች የተቆላና የተወቀጠ ቡና ከቅባት ጋር ለውሰው ለስንቅ እንደሚይዙ ገልጿል። በአንጻሩ የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋ ክርስቲያን ቡናን የሙስሊሞች መጠጥ ነው በሚል ለረጅም ዘመን ሲርቀው ኖሮ በስፋት መጠጣት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ስለሆነም በዚያ አካባቢ ጥበቡ የተስፋፋው በጥቂት ትውልዶች ዕድሜ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው ክፍለ ዘመን በሌላው ዓለም ቡና የመቁላት ሥራ ከቤት ወደ ፋብሪካ ይሸጋገር ነበር። በአሜሪካ ብዙ ቤተሰቦች ጥሬ ቡና እየገዙ በየቤታቸው ይቆሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1864 ጄቤዝ በርንስ ፍሬውን በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ እኩል የሚያገላብጥ መሣሪያ በስሙ አስመዘገበ፤ የአርበክል ወንድማማቾችም ብዙ ሳይቆዩ የተቆላ ቡና በወረቀት ከረጢት አሽገው መሸጥ ጀመሩ። ወጥ የሆነ ውጤት የማሽን ሥራ ሲሆን ዕውቀቱ ከብዙ ቤቶች ጠፋ። በኢትዮጵያ ግን በሴቶች እጅ ጸንቶ ቆየ።

ያለ ሙቀት መለኪያ ወጥ ውጤት የሚገኘው እንዴት ነው? ሥራው የሚጀምረው እሳቱ ዘንድ ከመቅረቡ በፊት ነው። ቡናው በሚገባ ይለቀማል፤ የተሰበረውና ደቃቁ ቀድሞ ሲያር ትልቁ ጥሬ ይቀራልና። ቀጥሎ ታጥቦ አቧራውና ስስ ገለባው ይለቅቃል። በምጣዱ ላይ የሚደረገውም ጥቂት ነው፤ ስስ ሆኖ ካልተነጠፈ ፍሬው ሁሉ ሙቀቱን እኩል አያገኝም። ከሰሉ ነበልባሉ አልፎለት ፍም ሲሆን ይጣዳል፤ እጅም ማማሰሉን አያቋርጥም።

ከዚህ በኋላ ዳኞቹ ዐይን፣ አፍንጫና ጆሮ ናቸው። ከጥሬው ክብደት 10 በመቶ ያህል የሚሆነው እርጥበት መትነን ሲጀምር አረንጓዴው ፍሬ እየገረጣ ወደ ቢጫነት፣ ቀጥሎም ወደ ቡናማነት ይለወጣል፤ የድርቆሽ የመሰለው ሽታም የዳቦ ሽታ ይሆናል። ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ የታመቀው እንፋሎት ፍሬውን እየሰነጠቀ ያንጣጣዋል። እሳቱ ከቀጠለ ይጠቁራል፣ ቅባቱም ፊቱ ላይ ይወጣል። ልምድ ያላት ሴት ምጣዱን የምታወርደው የሚፈለገው ቀለም ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብላ ነው፤ ብረቱና ፍሬው የያዙት ሙቀት ከእሳት ከወረደም በኋላ መቁላቱን አያቆምምና።

የዚህ ጥንቃቄ ምንጭ ማኅበራዊ ነው። ምጣዱ እየጤሰ በእንግዶች ፊት ሲዞር ሥራው ለጎረቤት ዳኝነት ይቀርባል። ከአንድ ቁሌት አቦል፣ ቶናና በረካ ስለሚቀዳ የአንድ አፍታ ስሕተት በሦስቱም ይቀመሳል። ዛሬም የነገም ቡና የሚጠጣው ያው ጎረቤት በመሆኑ ልዩነቱ ሳይታወቅ አያልፍም።

ተቆልቶ፣ ተፈጭቶና ታሽጎ የሚሸጠው ቡና በከተማ ቤቶች ቦታ እየያዘ ነው። ጊዜ ለሌለው ሠራተኛ የሚሰጠው ጥቅም አይካድም። ነገር ግን ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ በማየት የምትማረው ዕውቀት መጽሐፍ የለውም፤ አንድ ትውልድ ካቋረጠው መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ስኒው፣ ጀበናውና ረከቦቱ በሥዕልና በሙዚየም የሚያገኙት ክብር ለምጣዱም ይገባል። የየአካባቢው የአቆላል ስልት፣ ስንት እፍኝ፣ በምን ዓይነት እሳት፣ እስከ የትኛው ቀለም እንደሆነ ከባለሙያዎቹ አንደበትና እጅ ተመዝግቦ ሊቀመጥ ይገባል። ባለሙያዎቹም በየቤቱ አሉ።