ዜናሁ ለጆርጅ ማይክል

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት ሁሉ በዚሁ ይቈጠራሉ)፥ ከቆጵሮስ ደሴት ተሰዶ በምግብ ቤት ሥራ ከሚተዳደር አባትና ከእንግሊዛዊት እናት በለንደን ከተማ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙንም ጌኦርጊዮስ ኪርያኮስ ፓናዮቱ አሉት፤ ዓለም ግን ጆርጅ ማይክል ብሎ አወቀው።

በ1981 ከትምህርት ቤት ባልንጀራው ከአንድሩ ሪጅሊ ጋር ዋም የተባለውን የሙዚቃ ጓድ አቋቋመ። በሕዝብ ዓይን ሁለቱ እኩያ መስለው ቢታዩም፥ የዜማውና የግጥሙ ሸክም ይበልጡን ያረፈው በእርሱ ትከሻ ላይ ነበር። የ«ኬርለስ ዊስፐር» የሳክስፎን ዜማ የመጣለት፥ የ17 ዓመት ወጣት ሳለ፥ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሒሳቡን ሲከፍል እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል፤ ዘፈኑም ከሪጅሊ ጋር የተደረሰ ሲሆን በ1984 በእንግሊዝ አገር በእርሱ ስም ብቻ ወጣ።

በዚያው ዓመት በወርኃ ነሐሴ «ላስት ክሪስማስ» የተባለውን የገና ዘፈን ሲያስቀዳ፥ ከድምፁ አንሥቶ እስከ ቃጭሉ ድረስ ሁሉን ብቻውን ሠራው። በጥቅምት የኮረም ረኀብተኞች መከራ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ በኅዳርም ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ካሰባሰቧቸው ዘፋኞች ጋር ቆሞ ለተራበው ወገናችን ዘፈነ። ያ የኅብረት ዘፈን አንደኛ ሲሆን የገዛ ዘፈኑን በሁለተኛ ደረጃ አስቀረበት፤ እርሱና ሪጅሊ ግን ከ«ላስት ክሪስማስ» የሚያገኙትን ገንዘብ ለዚያው ለኢትዮጵያ ረኀብተኞች ሰጡ። የወሎንና የትግራይን የመከራ ዘመን የሚጽፍ ሰው ይህን ሳይጠቅስ ባያልፍ መልካም ነው።

በ1986 ዌምብሌይ ላይ 72,000 ሰው በተገኘበት ጓዱ ተሰናበተ። በዓመቱ ራሱ ደርሶ ራሱ ያዘጋጀው «ፌይዝ» ወጣ፤ በ1989ም የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ የግራሚን ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ግን ክብሩ ሰለቸው፤ በ1990 በዘፈኖቹ ፊልም ላይ አልታይም ብሎ፥ በእርሱ ፈንታ ስመ ጥር ሞዴሎች ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ዘፈኑን እንዲያስመስሉ አደረገ። ውሉ ባርነት ነው ሲልም ዘፈኖቹን ያሳትም የነበረውን የሶኒን ኩባንያ ከሰሰ፤ በ1994 ተረታ። ያን ያህል ሀብት ላለው ሰው ቃሉ የተጋነነ ነው፤ ሆኖም የሥራው ባለቤት ለመሆን መሻቱን የሚነቅፍ ደራሲ ያለ አይመስለኝም።

በ2016፥ በልደተ ክርስቶስ ዕለት፥ በ53 ዓመቱ ዐረፈ። ያ የገና ዘፈኑም በ2021 መባቻ፥ ከወጣ ከ36 ዓመት በኋላ፥ በእንግሊዝ አገር አንደኛ ሆነ።