ማረሻችሁ የጥንት መቃብር ቢነካስ?

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ዘርም አይደለም የማወራችሁ። እያረሳችሁ ማረሻው ድንጋይ ይዞ ቆመ እንበል። ስትፈነቅሉት ከሥሩ ጎንና ጎኑ በድንጋይ የተካበ ጉድጓድ አያችሁ። ውስጡ አጥንት፣ የገል ስባሪና ዶቃ አለ። ምን ታደርጋላችሁ?

ነገሩ ተረት አይደለም። በሰሜን ሸዋ፣ መንዝና አካባቢው፣ የድንጋይና የአፈር ጉብታዎች አሉ። ፍራንስዋ ዣቪዬ ፎቬልና በርትራንድ ፑዋሶኒዬ የተባሉ ፈረንሳውያን አጥኚዎች የተወሰኑትን ቆፍረው ሲያዩ መቃብር ሆነው ተገኙ። ተተር ጉር በሚባለው ጉብታ ሥር በትላልቅ ድንጋይ የተሠራ ክፍልና መግቢያ መተላለፊያ ነበረ። ከሙታኑ ጋር የሸክላ ዕቃ፣ የብረት መሣሪያ፣ ጌጣጌጥና ብዙ የመስታወት ዶቃ ተቀብሯል። አጥኚዎቹ በአካባቢው ወንዝ ስም «የሻይ ባህል» አሉት። ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

እነዚህ ሰዎች ክርስቲያንም ሙስሊምም አልነበሩም፤ የጻፉት ነገርም የለም። ያላቸው መዝገብ መቃብራቸው ብቻ ነው። የመስታወቱ ዶቃ ደግሞ ከባሕር ማዶ በንግድ የመጣ ነው። ስለዚህ የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ የደጋው ሰው ከሩቅ አገር ዕቃ ይደርሰው እንደነበር በዚያ አወቅን።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የታወቀው ዕቃው ከነቦታው ስለተገኘ ነው። የአፈር ምርመራን አስቡት። ናሙናው ከየትኛው ማሳ፣ ከምን ያህል ጥልቀት እንደተወሰደ ካልታወቀ ውጤቱ ምን ይረባል? ከመቃብር ተለቅሞ ኪስ የገባ ዶቃም እንደዚያው ነው፤ ዘመኑንም ባለቤቱንም መናገር አይችልም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1. በሬውን አቁሙ። ድንጋዩን ለካብ፣ ለእርከን ወይም ለቤት መሠረት አትውሰዱ።
2. ምንም ሳታወጡ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ማጭድ አስቀምጡ።
3. መልሳችሁ በአፈር ሸፍኑት፤ ዙሪያውን ሳታርሱ ተዉት፤ ባሕር ዛፍም አትትከሉበት።
4. ለቀበሌና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ያሳወቃችሁበትን ቀን የሚገልጽ ወረቀት ተቀበሉ።
5. ቦታውን ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ። «ወርቅ አለ» ብሎ በሌሊት የሚቆፍር አይጠፋም።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቀው ያዛል። ላስረከበውም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው፣ ያወጣው ወጪም እንዲተካለት ይላል። ሕጉ ለአራሽ ብቻ አይደለም፤ እኛ አስኮ አካባቢ ለቤት መሠረት የሚቆፍረውንም ይመለከታል።

«መሬቴ ቢወሰድብኝስ?» የምትሉ አላችሁ፤ ስጋታችሁ ይገባኛል። ለዚህ ነው ወረቀቱን ያዙ የምለው። ግን ይህንንም አስቡ፦ የተሳሳተ ዘር የዘራ በሚቀጥለው ክረምት ያስተካክለዋል። የፈረሰ መቃብርን ግን የሚመልሰው ክረምት የለም።