ከማሳ እስከ ምድጃ፦ የአዊ ከሰልና የካርበን ሒሳቡ

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ዲከረንስ የተባለው የግራር ዝርያ ለበርካታ አርሶ አደሮች ዋነኛ የገቢ ምንጭ ሆኗል። መነሻው አውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ይተከላል። በቀጣዩ ዓመት በሥሩ የሚበቅለው ሣር ለከብት መኖ ይታጨዳል። ከአራት እስከ አምስት ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ማሳውም እንደገና ለጤፍና ለችግኝ ይዘጋጃል። ከሰሉ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል።

ሸማቹ የሚገዛው ዕቃ በአየር ንብረት ላይ የሚያሳድረውን ጫና መጠየቅ በጀመረበት በዚህ ዘመን፣ የዚህ ከሰል ሒሳብ ምን ይመስላል? ዛፉ ሲያድግ ከአየር የወሰደው ካርበን ከሰሉ ሲነድ ተመልሶ ይወጣል። በተቆረጠው ምትክ ሌላ ከተተከለ አዲሱ ዛፍ መልሶ ይወስደዋል። ከተፈጥሮ ደን የተመነጠረ ከሰል ግን ይህ ምላሽ የለውም። ችግሩ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጆንያ ተሞልተው ገበያ ላይ መቅረባቸው ነው፤ ገዥው አይለያቸውም፤ ተክሎ የሚያከስለው አርሶ አደርም የልፋቱን ዋጋ አያገኝም።

ትልቁ ብክነት በማክሰያው ላይ ይታያል። በአፈር በሚሸፈነው ባህላዊ ክምር ከ100 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙውን ጊዜ ከ20 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ምርቱ 15 በመቶ ከሆነ 30 ኪሎ ግራም ከሰል ለማግኘት 200 ኪሎ ግራም እንጨት ያስፈልጋል፤ ወደ 25 በመቶ ካደገ ግን 120 ኪሎ ግራም ይበቃል። ከክምሩ የሚወጣው ጭስ ሙቀትን ከካርበን ዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ አምቆ የሚይዝ ሚቴን ጋዝም አለበት። እንጨቱን አስቀድሞ በሚገባ ማድረቅ፣ ክምሩን አጥብቆ መደርደርና የአየር መግቢያውን መቆጣጠር ብዙ ወጪ ሳይጠይቁ ምርቱን ያሻሽላሉ።

ሌላው ስጋት በአንድ ዝርያ ብቻ መተማመን ነው። በቅርብ ዓመታት የተከሰተው የዋግ በሽታ የዲከረንስ ችግኞችንና ተክሎችን ክፉኛ ጎድቷል። ቀርከሃንና አገር በቀል ዛፎችን አሰባጥሮ መትከል ጉዳቱን ለመቀነስ ይረዳል።

የምርትን መነሻ ማስረዳት በውጭ ገበያ ግዴታ እየሆነ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው ሕግ ቡናና የእንጨት ውጤቶች ከየትኛው ማሳ እንደመጡ እንዲታወቅ ይጠይቃል። የአዊ ከሰል ለአገር ውስጥ ገበያ የሚቀርብ ቢሆንም፣ አርሶ አደሮች በማኅበር ተደራጅተው ቀበሌውን፣ የተከላውንና የቆረጣውን ዓመት ቢመዘግቡ ምርታቸውን ከደን ምንጣሮ ከሰል መለየት ይችላሉ።

የከተማ ነዋሪውም ድርሻ አለው። ላቀች የተባለው ምድጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ከሰል ይቆጥባል። ገዥው «ከሰሉ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ሲጀምር ነጋዴውም መልሱን ይዞ መቅረብ ግድ ይለዋል።